ምንም የለበትም

ሰፈርተኛው «አንባቢው» ነው የሚለው። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያየው ሰው የለም፤ የሚያነበው ቆጣሪ ነው። በየግቢው እየዞረ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ፊቱን እየጠረገው የመብራት ቆጣሪ ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሙን ደግሞ «ቀለሜ» ይሉታል። እንደ ወጉ ቀለሜ የሚባለው ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ይሄኛው ግን የትምህርት ቤት አጥር ዘሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ፣ ቤት በመቀባት የሚተዳደር፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ያወጣለት ሰው ግን ቀልድ ያውቃል።

በዚያ እሑድ ቀልድ ያማረው ሰው በቤቱ አልነበረም። አንባቢው ከቁርስ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተተክሏል። ኮምፒውተሩ አንድ ሲዲ አላነብም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከረዋል። ሲዲው ላይ ያለው የቀለሜ ጭንቅላት ነው።

ነገሩ የጀመረው በብሩሽ ነው። ቀለሜ ግራኝ ነው፤ መሰላል ላይ ቆሞ ሲቀባ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ወረደ፣ አነሳ፣ ወጣ። ደግሞ ወደቀ። የሥራ ጓደኞቹ «ትናንት ምን ጠጥተህ ነው?» ብለው ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እየቆየ ራሱን ያዞረው ጀመር። ከዚያ እያወራ ሳለ የሚያውቀው ቃል ድንገት ይጠፋበትና አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፣ ጭንቅላቱም በትልቁ ማሽን ተነሣ። ሐኪሙ ምስሉን ብዙ ካየ በኋላ «አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን እኔ ደፍሬ አልናገርም፤ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ይየው» አለና ሲዲውን በእጃቸው ሰጣቸው። እስከዚያው መሰላል የሚባል ነገር እንዳይወጣ አጥብቆ ነገረው። ቀዶ ሐኪሙ ያለው ሌላ ከተማ ነው።

ቀለሜ መልሱን የሰጠው እዚያው ነው። «ሲዲው ይሂድ፣ ችግር የለም። እኔ ግን ጭንቅላቴን ለማንም አላስነካም።» ሲናገር እየሳቀ ነበር። እናቱም ወንድሙም ሳቁን አላመኑትም፤ ልጁ ፈርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ፈትቶ፣ ከሚኖርባት አንዲት ክፍል በር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያናግሩት «ደህና ነኝ» ይላል፤ ደህና ያለመሆኑን የሚያውቅ ሰው እንደሚለው፣ ቶሎ ብሎ።

ታዲያ ወደዚያ ከተማ የሚሄድ አንድ የሚያውቁት ሾፌር ተገኘ፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። የቀዶ ሐኪሙ ጸሐፊ ምስሉን በሲዲ አምጡልኝ ብላለች፤ በኢንተርኔት እንላከው ቢባልም በዚያ ቤት መስመር የሚታሰብ አልነበረም። በዚያ ላይ ትልቁ ማሽን ተበላሽቶ ቆሟል። «ይሄ መንገድ ላይ ከጠፋ ሌላ ከየት እናመጣለን?» አለች እናት። እውነቷን ነው። ስለዚህ ኮፒ ይደረግ፣ አንዱ ይሂድ፣ አንዱ ይቅር ተባለ። አንባቢው «ሻይ እስኪፈላ የምታልቅ ሥራ ናት» ብሎ ተቀመጠ። ሻዩ ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ተደፋ፣ እሱ እንደተቀመጠ ነው።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ አረንጓዴው መስመር እየረዘመ ሄደ፤ ግማሹን አለፍ ሲል ቆመ። ሲዲ ማንበቢያው ውስጥ የነበረው እሽክርክሪት ተጣድፎ ጮኸ፣ ረገበ፣ ደግሞ ጮኸ፣ «ቀጭ» አለ። ስክሪኑ ላይ ማንበብ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። አንባቢው እንደገና ሞከረ። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። አውጥቶ እፍ ብሎ መለሰው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ለምን እንደሚያደርገው ግን የሚያውቅ የለም። አሁንም እዚያው ቆመ።

ሲዲውን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን ሲያየው ክው አለ። ጀርባው በጭረት ተሞልቷል፤ ጭረቱም ክብ ክብ እየሠራ ነው የሄደው። ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ይሄን ሲዲ የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ትራሴ ሥር ነዋ። የት ላስቀምጠው?»

«ከነማቀፊያው?»

«ማቀፊያውማ ጆሮዬን እየቆረቆረኝ እንዴት ልተኛበት? በሻሼ ጠቅልዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጠርገዋለሁ፣ አቧራ እንዳይዘው።»

እጇን እያዞረች አሳየችው፤ ሰሃን እንደሚወለወለው። ሲዲ ቢጠረግ እንኳ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ ተደርጎ ነው። ዙሪያውን የሄደ ጭረት ግን ጽሑፉ የተጻፈበትን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ብዙውን ይዞ ይጠፋል። አንባቢው ይህን ያውቃል። የታናሽ ልጇን ጭንቅላት ትራሷ ሥር አድርጋ እየተኛች፣ በየማለዳው እየጠረገች ነው የፋቀችው። ምን ይበላት? «ጥሩ አድርገሻል» አላት።

ስልኩን አነሳና ለፎቶ አንሺው ደወለ። ፎቶ አንሺው የልጅነት ጓደኛው ነው፤ መንገዱ ዳር ሱቅ አለው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰርግ በሲዲ ሲያባዛ ነው የሚውለው።

«አንተ አንባቢ፣ ማሽንህ መሃይም ሆነብህ?» አለ ፎቶ አንሺው ነገሩን ሲሰማ።

«ቀልዱን ተወው። ጅማሬው ላይ ደህና ነው። እየገፋ ሲሄድ ነው የሚይዘው። ጠርዙ ላይ አይደለም፣ መሃሉ ጋ ነው ችግሩ። ብዙ ነው ደግሞ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ይህ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ በክፍሎቹ መካከል በር የለም፣ መጋረጃ ነው ያለው። እናቲቱ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ፎቶ አንሺው የሚለው አይሰማትም፤ ልጇ የሚለውን ግን ለቃቅማ ትሰማለች። ልጇ አንባቢ ነው። ሲዲውን ሊያነብ እንደተቀመጠም ታውቃለች። ሲዲው ላይ ያለው የሌላው ልጇ ራስ ነው። ታዲያ አንባቢ ልጅ «መሃሉ ጋ ነው ችግሩ፣ ብዙ ነው» ሲል እናት ምን ትረዳ? ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና አጠፈችው። አንባቢው ይህን ሁሉ የሰማው ኋላ ነው፤ ያኔ ዓይኑም ልቡም ስክሪኑ ላይ ነበር።

ፎቶ አንሺው የመከረውን አንድ በአንድ አደረገ። ሲዲውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጠበው፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ጠርጎ ጥላ ውስጥ አደረቀው። «ታጥቦ ጥቂት ተሻለው» አለ በስልኩ፤ ሲዲው የቆመባትን አለፈና ከፍ ብሎ ቆመ። ፍጥነቱን ቀነሰለት፤ ማሽን እንደ ሰው ሲቸኩል ይስታል፣ ቀስ ሲል አንዳንዱን ያስተውላል። አሁንም ጥቂት ተራመደ። ከዚያ ፎቶ አንሺው ከዚህ ቀደም የሰጠውን፣ ያልተነበበውን ደጋግሞ የሚሞክር ፕሮግራም ጫነበት። ፕሮግራሙ ሞከረ፣ ሞከረ፣ በመጨረሻ ሁለት ምርጫ አቀረበለት፤ ድገም ወይስ ዝለል?

አንባቢው ጣቱን «ዝለል» ላይ አሳርፎ ደወለ።

«ብዘለውስ?»

«እንዳትሞክራት» አለ ፎቶ አንሺው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ ከድምፁ ጠፋ። «የዘለለውን ቦታ ባዶ አድርጎ ይሞላና በትክክል ተጠናቋል ይልሃል። ሰርግ ቢሆን ችግር የለውም፤ ሙሽራዋ አንዴ ብትዘል ማን ያያታል? ይሄ ግን የወንድምህ ራስ ነው። ሐኪሙ ባዶውን አይቶ ምንም የለም ቢልስ?»

አንባቢው ጣቱን ከእሳት እንደሚያነሳ አነሳው። ሊጫነው አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረው።

«እንግዲያው የኔው ሞቷል ማለት ነው» አለ። የሲዲ ማንበቢያውን ማለቱ ነው። «ሞቷል፣ ተስፋ የለውም። ሌላ እንሞክር።»

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሲል «ምንም፣ ኩባያ ነው» አለችው። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ሌላ ቀን ቢሆን ብድግ ብሎ ያያት ነበር።

ፎቶ አንሺው አንድ ያረጀ፣ እንደ ጡብ የከበደ የውጭ ማንበቢያ ነበረው። አንባቢው ሊያመጣው ሱቁ ሄደ። በመስታወቱ ላይ የሰው ልጆች፣ የሰው ሙሽሮች፣ የሰው ተመራቂዎች በሙሉ ጥርሳቸው ይስቃሉ። ፎቶ አንሺው ከጠረጴዛ ሥር ተጎንብሶ ማንበቢያውን ሲያወጣ አቧራው አስነጠሰው። «አዲሶቹ ቅንጡ ናቸው፤ ትንሽ ጭረት ሲያዩ ጥለው ይሄዳሉ። ይሄ ግን ድሃ ነው፣ ያገኘውን ያነባል» አለ። ከዚያ አጥንቶ አየውና «ምስሉን አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀው።

«የቱን?»

«የወንድምህን።»

«እኔ ምን ገብቶኝ አየዋለሁ?» አለ አንባቢው፣ ማንበቢያውንም ጉያው ሸጉጦ ወጣ። እውነቱ ሌላ ነው። ፋይሎቹን ሲገለብጥ ቢውልም አንዱንም ከፍቶ አላየም። ስማቸውን ያያል፣ መጠናቸውን ያያል፤ ውስጣቸውን ለማየት ግን ወኔ አጣ። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነው፣ ቁጥሩን ወስዶ በሩን ዘግቶ የሚሄድ፤ የሰው ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

አሮጌው ማንበቢያ ሥራውን ያዘ። እየተንተፋተፈ፣ እያቃሰተ፣ እዚህም እዚያም ቆም እያለ፣ ግን አንድም ሳይተው ሄደ። አንባቢው ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ትንፋሹን ይዞ ይከተለዋል። መስመሩ ሞላ። ያንን በአዲስ ሲዲ ላይ ጻፈው፤ ከዚያም ዋናውንና ኮፒውን ፋይል በፋይል የሚያመሳክረውን ፕሮግራም አስነሳ። ማመሳከሩ ሲያልቅ ልዩነት የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንባቢው ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጣለ። ደስታው ሙሉ ነበር፤ ለምን እንደተደሰተ ቢጠይቁት ግን መልስ አልነበረውም። ስልኩን አንስቶ ለፎቶ አንሺው ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አበሰረው።

«ንጹህ ነው። ምንም የለበትም። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ንጹህ ነው። አንተ ባትኖር ዛሬ ጉድ ሆነን ነበር።»

ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ተከፈተና እናቱ ገባች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ዓይኑን ሳመችው። አላቆመችም፤ ኮምፒውተሩንም በመዳፏ ዳበሰችው፣ እንደ ሰው።

«አፈር አይንካህ የኔ ልጅ» አለችው። «እኔ እኮ ጠዋት ሞቻለሁ። ነገርኩት፣ ደውዬ ነገርኩት። እየመጣ ነው።»

«ማን?»

«ወንድምህ ነዋ። ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም ብሏል ወንድምህ፣ አልኩት። ስልኩ ላይ አለቀሰ።»

ያኔ ገባው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሲዲው ያወራት እያንዳንዷ ቃል ወደ ኋላ ተመልሳ መጣችበት፤ እጅና እግሩ ታሰረ። ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ ሲዲም «እሱ» ነው፣ ወንድምም «እሱ» ነው። አፉን ከፈተ። እናቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችምና ቁራሽ ዳቦ አንስታ ቆማ መብላት ጀምራ ነበር። እያኘከች ፈገግ ትላለች። አንባቢው አፉን መልሶ ዘጋው። ትብላ፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለ በልቡ። በልታ ስትጨርስ ውሃ ትጠጣ አለ። ስትጠጣ ደግሞ ሌላ ሰበብ ፈለገ። ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ ወንድሙ መንገድ ላይ ነው፤ ሊደውልለት ይችል ነበር። አልደወለም። ደግነት ነው እንዳይባል ደግነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ቀለሜ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ ያ በሁሉም ዓይነት ቀለም የተዥጎረጎረ ቱታ ከስንት ጊዜ በኋላ ተለበሰ። ላብ በላብ ሆኗል። እናቱን ከመሬት ብድግ አድርጎ አሽከረከራትና አስቀመጣት፤ እሷም እየጮኸች ትከሻውን መታችው።

«ሮጥኩ» አለ እያለከለከ። «ከዚያ ጀምሮ እስከዚህ ሮጥኩ። ለተቋራጩም ደወልኩለት። ነገ የፎቁን የውጭ ግድግዳ እጀምራለሁ፣ ከላይኛው ጣሪያ ወደ ታች። ጋሼ፣ አንተ ነህ አሉ ያነበብከው። እኔ እኮ ቆጣሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር የምታነበው።»

አንባቢው ቆመ። ፎቁን አሰበው፤ ከመንገድ ላይ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ሕንፃ ነው።

«ቀለሜ፣ ተቀመጥ» አለ።

«ምን እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ ከረምኩ አይደል?»

«ንጹህ ነው ያልኩት ሲዲውን ነው።»

የቀለሜ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም። ከዓይኑ ጠፋ፣ ከአፉ ላይ ግን ጥቂት ቆየ፤ ጌታው የረሳው ዕቃ ይመስል።

«ምን ሲዲ?» አለች እናት። «እኔ በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ችግሩ መሃሉ ጋ ነው፣ ብዙ ነው አልክ። እሺ ብዬ ቻልኩት። ከዚያ ታጥቦ ተሻለው አልክ፤ በምን ታጠበ አላልኩም፣ እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ። ከዚያ ሞቷል፣ ተስፋ የለውም አልክ። ግድግዳውን ይዤ ነው የቆምኩት። ሌላ እንሞክር ብለህ ወጣህ። ተመልሰህ ስትመጣ ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም አልክ። ከላይ እስከ ታች አየሁት አልክ። አላልክም?»

«ብያለሁ፣ እማዬ። የሞተው ማሽኑ ነው፤ ንጹህ የሆነው ደግሞ ኮፒው ነው። ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ ነው ማለቴ ነው። ዋናው ላይ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም።»

እናት ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቀለሜ ወንድሙን ትክ ብሎ አየው።

«መቼ ነው መሳሳቷን ያወቅከው?»

«ስትስመኝ።»

«እኔ ከመምጣቴ በፊት?»

«አዎ።»

«ስልክ የለህም?»

አንባቢው አንገቱን ደፋ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ቀለሜ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ ቃላቱ እንዳይጠፉበት እየጠበቀ ይመስል።

«መንገድ ላይ እኮ ሰው ቆሞ እስኪያየኝ ነው የሮጥኩት። ዕድሜ ጨመርኩ ብዬ። እዚያ ጥግ ጋ ያለው ጫማ ሰፊ ምን ሆነህ ነው ሲለኝ ድኛለሁ አልኩት። አሁን በየት በኩል ነው ተመልሼ የማልፈው?»

ላቡን በቱታው እጅጌ ጠረገ።

«በቃ» አለ ቀለሜ፣ ወደ በሩም ዞረ። «እኔ ድኛለሁ ብያለሁ፣ ድኛለሁ። ነገ ፎቁ ላይ እወጣለሁ። ሲዲያችሁን ለፈለጋችሁት ላኩ።»

«የትም አትሄድም» አለች እናት። አልጮኸችም፤ ልጆቹ ልጆች ሳሉ ዱላ ከማንሳቷ በፊት በምትናገርበት ድምፅ ነው ያለችው። ቀለሜ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። እናት ወደ አንባቢው ዞረች። «አንተ። ቀኑን ሙሉ ስታነብ የዋልከውን አሳየኝ።»

«እማዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ሐኪም መቼ አልኩህ? አሳየኝ።»

አንባቢው ተቀመጠ። ኮፒውን ከፈተና የመጀመሪያውን ምስል ተጫነ። ጥቁር ስክሪን ላይ ግራጫ ክብ ነገር መጣ። የማውዙን ጎማ ሲያሽከረክር ምስሎቹ እርስ በርሳቸው እየተከታተሉ ሄዱ፤ ጭንቅላቱ ከላይ ወደ ታች በስሱ ተቆራርጦ የተደረደረ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ግራው እንደ ቀኙ፣ ቀኙ እንደ ግራው። አንባቢው ልቡ ጥቂት መለስ አለለት። ጎማውን አንድ ጊዜ አሽከረከረ። በአንዱ ወገን ጠቆር ባለው መካከል ነጣ ያለ ነገር ብቅ አለ። ደግሞ አሽከረከረ፤ ሰፋ። ደግሞ፤ ይበልጥ ሰፋ። ጠርዙ አይታወቅም፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያስታውቅም። በሌላኛው ወገን ግን ምንም የለም። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

እናት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አለች። ከዚያ በተስፋ ወደ አንባቢው ቀና ብላ «ጭረቱ ነው? እኔ የፋቅኩት ነው አይደል?»

አንባቢው በሕይወቱ ሙሉ አዎ ለማለት እንደዚያች ሰዓት ጓግቶ አያውቅም። ግን ሲያጥብ፣ ሲያደርቅ፣ ሲለምን የዋለው ለዚሁ ነው። ኮፒው አንድም ስህተት እንደሌለበት በዓይኑ አይቷል።

«አይደለም፣ እማዬ» አለ። «ሲዲው ደህና ነው።»

እናት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ቀለሜ የበሩን እጀታ ለቀቀና መጣ። ወንድሙን በትከሻው ገፋ አድርጎ ስክሪኑ ፊት ቆመ። ፊት ለፊት አላየውም፤ ወደ ጎን ዘወር ብሎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ሊቀባው የመጣውን ግድግዳ በብርሃን አሻግሮ እንደሚያየው አየው። «ወደ ኋላ መልሰው» አለ። አንባቢው መለሰ። «አሁን ወደፊት። ቀስ። እዚህ ጋ ቁም።» ጥፍሩ ሥር ቀለም ያለበትን ጣቱን ነጩ ላይ አሳረፈና ዙሪያውን ተከተለው።

«ይሄ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ነው» አለ። ድምፁ ለባለቤቶች ሥራ ሲያስረዳ የሚናገርበት ድምፅ ነው፣ የማይቸኩል፣ ፊት የማያይ። «እዚህ ጋ ትንሽ ይመስላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሄዷል። በላዩ ስቱኮ ብትለጥፍበት፣ ብትቀባው፣ ለሳምንት ያምራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቀብቼ ሄጄ አውቃለሁ። ሰዎቹ መልሰው ጠርተውኛል።»

ጣቱን ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

«መፋቅ ነው ያለበት» አለ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለአንባቢው ሰጠው። «ተቋራጩን አንተ ንገርልኝ፣ እኔ ቃል ይጠፋኛል። ሾፌሩንም ጠይቀው፣ ለሁለት ሰው ቦታ ካለው።»

አንባቢው ስልኩን ተቀበለው። እናት ልጇ ላይ የነበረውን ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች፣ ከስክሪኑም ወደ ልጇ።

«ሲፋቅ» አለች፣ «ሲፋቅ ግድግዳው ይተርፋል?»

ቀለሜ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። የሚመልስላቸውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እናቱን አያት፤ ሊዋሽላት ፈልጎ ቃሉን ፈለገው፣ አላገኘውም።

«እንደ ግድግዳው ነው፣ እማዬ» አላት።